የልጅ ልጄ የጠየቀችኝ ስም

ለወዳጅ ዘመድ በሙሉ! የፍኖተ ሰላሙ ሽማግሌ ዛሬ ምሳቸውን ብቻቸውን መብላታቸውን በታላቅ ሐዘን ያስታውቃሉ።

ያኮረፈችኝ የሰባተኛ ክፍሏ የልጅ ልጄ ሰብለ ናት። ክፍል ውስጥ ስለ ባሪያ ንግድ ተምራ፣ ዓይኗ ቀልቶ መጣች።

«አባባ፣ እኛ ቤትም የተገዛ ሰው ነበር?»

እኔም ወዲያው እውነቱን ነገርኳት። ቡሬ ገጠር በነበረው ቤታችን አዝላ ያሳደገችኝን ሴት የገዟት አያቴ ናቸው። «ደስታ» ብለው የሰየሟትም እሳቸው ናቸው። (ደስታው የማን እንደነበር አትጠይቁኝ።)

«እናቷ ያወጣችላት ስምስ?»

ሰማንያ ዓመት በሰው ስቀልድ ኖሬ፣ ስሟን ግን አንድ ቀንም ጠይቄያት አላውቅም።

«አዝላ አሳድጋዎት ስሟን እንኳ አያውቁም?» ብላኝ እያለቀሰች ወጣች።

ማምሻውን ተመልሳ አጠገቤ ኩርምት አለች። «ስለ እሷ ይንገሩኝ» አለችኝ። ስንት ዘመን ያላነሳኋትን ሴት ሳወራላት አመሸሁ።

ተመስገን! ሰብለ ባትጠይቀኝ ኖሮ ያችን እናቴን ሳላመሰግናት እሞት ነበር። ለመምህሯም እግዜር ይስጥልን።

እናንተስ፣ ልጆቻችሁ እንዲህ ሲጠይቋችሁ ምን ብላችሁ መለሳችሁ?

አንድ ነገር ግን ዋሽቻችኋለሁ። እውነቱን ወዲያው አልነገርኳትም፤ መጀመሪያ «እኛ ቤት? በጭራሽ!» ብያት ነበር። ዓይን ዓይኔን እያየች ነው ያወጣጣችኝ።