ሐሙሲት ላይ የሚነሣው ዘበኛ

ባሌ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበር፤ ሌቦች ተኩሰው ገደሉት። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ፊልም የሚያሳይ መኪና ወረታ መጣና በነጭ አቡጀዲ ላይ የባንክ ዘረፋ አሳየን። ሰው «ፈረስ እንኳ የለበትም» ብሎ ናቀው። እኔ ግን የባንኩ ዘበኛ በጥይት ሲወድቅ ልቅሶዬን አቀለጥሁት።

ፊልም አሳዪው እየሳቀ «ምነው እትዬ፣ ነገ ሐሙሲት ላይ ይነሣ የለም ወይ» አለኝ።

ይኸ ከተነሣ የእኔውንስ ማን ይከለክለዋል ብዬ በማግስቱ በእግሬ ሐሙሲት ሄድሁ። እውነትም ዘበኛው ድኖ፣ ጠመንጃውን አንግቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሌቦቹ ሲመጡ «ኧረ ወንድሜ፣ ከኋላህ ናቸው» ብዬ ብጮህ አልሰማኝም። እንደ ትናንቱ እዚያው ወደቀ።

ሰው ሣቀብኝ። አሳዪው ግን መብራቱን አጥፍቶ መጣና «ነገ ባሕር ዳር ነን» አለኝ። «እባክሽ እትዬ፣ እንዳትመጪ።»