እትዬ ሊታ ዓይኔ ውስጥ ምን ፈለጉ?

በዚህ ፋሲካ ጎረቤቴን ላጎርስ ስል ጭራቅ ልባል ነበር... ስቀልድ አይደለም እናንተ!

ልጄ ትመጣለች ብዬ ዶሮዬን ሠርቼ ቁጭ ብያለሁ። ኮል አደረገችኝ። «ማሚ፣ ሳሪ፣ የሰው ሺፍት ከቨር እያደረግኩ ነው። ኔክስት ዊክ፣ ኦኬ?»

ኦኬ አልኳት። ምን እላለሁ? እዚህ ኮለምበስ፣ ለሰፈሬ ለሊንደን ሰው የእኛ ፋሲካ ተራ እሑድ ነው፤ መኪናውን ያጥባል፣ ሳሩን ያጭዳል። ያን ሁሉ ጾም ጾሜ ለብቻዬ ልፈስክ? እንጀራው አልወርድ አለኝ።

ተነስቼ የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። እትዬ ሊታ እላቸዋለሁ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከቴሌቪዥናቸው ጋር ብቻቸውን የሚኖሩ የፊሊፒንስ ሴትዮ ናቸው። ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ደስ ብሏቸው መጡ።

እኔም በደስታ አንድ ደህና ጉርሻ ጠቀለልኩና «በሞቴ!» ብዬ ወደ አፋቸው... ሴትዮዋ ወንበር ገፍተው ብድግ!

«ኖ! ኖ!» ፊታቸው አመድ መሰለ። «እኛ መንደር እንዲህ በእጁ ሊያጎርስሽ የሚመጣ አስዋንግ ነው!»

አስዋንግ ቀን እንደ ማንም ጎረቤት ሰላም ሲል ውሎ ሌሊት ሰው የሚበላ ጭራቅ ነው አሉ። ከእጁ ከበላሽ አንቺም እንደ እሱ ትሆኛለሽ። የእኛ ቡዳ ዘመድ መሆኑ ነው፣ የባሰበት።

ያለችኝን አንድ ጎረቤት በገዛ እጄ ላጣ ነው ብዬ እንባዬ መጣ። «አብሮኝ የሚበላ ሰው ስላጣሁ ነው የጠራሁዎት» አልኳቸው።

ከዚያ ቀስ ብለው ቀረቡና አገጬን ይዘው ዓይኔ ውስጥ አፈጠጡ። አስዋንግን ዓይኑ ውስጥ ስታዪው የራስሽ መልክ ተዘቅዝቆ ነው የሚታይሽ አሉኝ።

እጃቸው ይሞቃል። ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ... እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቶሎ እንዳይጨርሱ ጸለይኩ።

«አልተዘቀዘቅኩም» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ነሽ።» አፋቸውንም ከፈቱልኝ።

አንድ ያጣላል ብዬ ሁለተኛውን አስከተልኩ።

ኮለምበስ ይህን ሁሉ ዓመት ስኖር ዓይኔን እንዲህ ቀርቦ ያየኝ ሰው የለም... እሳቸውም ያዩኝ ጭራቅ መሆኔን ሊያጣሩ ነው እንጂ!