የቢራ ጠማቂው ደጃፍ

ቅዳሜ ጠዋት ከለንደኑ ሰፈራችን ከሃክኒ ስንነሳ ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ሌሊቱን በጉጉት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም ነበር። እኔም ከሳቸው ብብስ እንጂ አላንስም።

የምንሄደው ከለንደን ወጣ ብላ ወዳለች ትንሽ ከተማ ነው። ባለቤታቸው አቶ ተፈራ በጃንሆይ ዘመን ተማሪ ሳሉ እዚያ አንድ ቤት ተከራይተው ኖረዋል። ደርግ ከወሰዳቸው ወዲህ የት እንደደረሱ አልታወቀም፤ መቃብር እንኳ የላቸውም። እትዬ ይዘው የተሰደዱት ባለቤታቸው በዚያ ቤት ፊት የተነሱትን አንድ ፎቶግራፍ ነው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ እግራቸው በካልሲ ብቻ!

"ጫማህስ ስለው ይስቅና ወሬ ይለውጣል" አሉኝ። "የሚያውቀው ሰው ባገኝ ይበቃኛል፣ ልጄ።"

ባቡሩ ከሊቨርፑል ስትሪት ጣቢያ እንደተነቃነቀ እትዬ የቆሉትን ገብስ አወጡ። ፊት ለፊታችን ለተቀመጠው እንግሊዝም ዘገኑለት፤ ሰውዬው እስክንወርድ ሲቆረጥም ነበር። ውጭው ለጥ ያለ የስንዴ ማሳ ነው።

ከተማዋ

ከጣቢያው ሽቅብ ወጥተን፣ የዓሣና ድንች ጥብስ መሸጫውን እንዳለፍን፣ በፎቶግራፉ በሩ ብቻ የሚታየው ሕንፃ ብቅ አለ። ቀይ ሸክላ፣ ሹል መስኮት፣ ጫፉ ላይ መስቀል መሳይ ብረት ያለው ግንብ! እትዬ ለካ የቤተ ክርስቲያን ቤት ነው ብለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ መቃኑን ተሳለሙ። በሩ ተከፈተ። ሚስ ዶሪስ የምትባል ባለቤቲቱ አሮጊት ደንግጣ ቆመች። ፎቶግራፉን አሳየኋት።

"ተፈራ!" ብላ ጮኸች፤ እኔም አብሬ ጮኽኩ።

ሻይ አቅርባ የቤቱን ታሪክ አጫወተችን። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ያሠራው ቢራ ጠማቂ ነው። ከከተማው ቄስ ጋር ተጣልቶ፣ እልኽ ይዞት፣ ቤቱን ቤተ ክርስቲያን አስመሰለው። ልጆቹ ሀብቱን ጨረሱት፤ ቤቱ የሴቶች ትምህርት ቤት ሆነ፤ በኋላ አባቷ ገዝቶ ለተማሪዎች ያከራይ ጀመር።

"እትዬ፣ የተሳለሙት የቢራ ጠማቂ ደጃፍ ነው" አልኳቸው።

"ይቅር ይበለኝ!" ብለው አማተቡ።

ሚስ ዶሪስ ፎቶግራፉን ደባበሰች። "ይህን ያነሳው አባቴ ነው። ተፈራ በመጣ ዕለት እንደሳቸው ጫማውን አውልቆ በራችንን ሲስም አገኘነው። ቤተ ክርስቲያን መስሎት!"

ስተረጉምላቸው እትዬ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "አፍሮ ነዋ የደበቀኝ!"

ሃክኒ

ጉዞ አገር ያሳያል ሲባል እሰማ ነበር፤ እኔ የዚያን ቀን ያየሁት ባልና ሚስት ነው። ማታ ስንሰነባበት እትዬ ፎቶግራፉን ደረታቸው ላይ ይዘው አሁንም ይስቃሉ።

"ከወሰዱት ወዲህ" አሉኝ፣ "ስለ ተፈራ አዲስ ወሬ ስሰማ ዛሬ ገና ነው።"