ኩፍኝ የወጣባት መብራት

ማራኪ ሰፈር ስልክና ቴሌቪዥን ስጠግን ሃያ ዓመቴ ነው፤ ያስተማረኝ የለም፣ የሚያህለኝም የለም። አንድ ቀን ከጭልጋ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጎረቤቴ ጥፍር የምታህል መስታወት ይዞ መጣ። ሰማያዊና ቢጫ የሚያበሩ ስስ ንጣፎችን ደራርቦ፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ነጭ ብርሃን እንድትሰጥ የነደፋት ራሱ ነው። ውጭ አገር ያሠራት ይቺኑ አንዷን ነበር። ሰኞ መምህራኑ ፊት አብርቶ ሊመረቅባት ነው።

«አያ፣ ሽቦዋ ተነቅሏል፤ እሱን ብቻ በይዱልኝ» አለኝና ሻይ ሊጠጣ ሄደ።

በየድኩት። ጠርዟ ላይ ግን የደረቀ ማስቲሽ አየሁ፤ ሙያዬን ላሳየው ብዬ በምላጭ ፍቄ አጸዳሁለት።

ተመልሶ ሲያበራት ነጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶ ይሰፋ ጀመር።

«ምነው ነኩት? አየር እንዳይገባ ያሸጋት እኮ እሱ ነው!»

«አይዞህ፣ ኩፍኝ ነው፤ ይለቃታል» አልኩት። ደንበኞቼ በሳቅ ፈረሱ፣ እኔም አብሬ። እሱ ከሰዓቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ እያያት ጠፋች።

ሰኞ አላሳለፉትም። ቤቱንም ለቆ አገሩ ገባ። እኔ ይቺን ወሬ እስከ ዛሬ አወራታለሁ፤ ሸጋ አድርጌ ስለማወራት ያልሳቀ የለም።