እጄን የሰበረው ሰው የገጠመልኝ ማሽን

ቀኝ እጄን የሰበረው የአክስቴ ልጅ ነው። በመቅዘፊያ ነው የሰበረው፤ ጀልባ በሚሠራበት በጣና ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ። ጥፋቱ ሁሉ የእርሱ እንደሆነ አድርጌ ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ፤ ሙሉ እውነት አይደለም። ከደልጊ የመጡ ሁለት ሰዎች አዲስ ጀልባ ሊያዙት ቆመው ሲነጋገሩ፣ እኔ ጣልቃ ገብቼ «ይኼ የሚሠራው ጀልባ ሳይሆን ወንፊት ነው፤ ዓሣ ሳይቀር በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል» አልሁ። ምላሴ ከድሮም አያርፍም። ሰዎቹ ሳቁ፣ ከዚያ ተያዩ፣ ከዚያ ትእዛዙን ትተው ሄዱ። ዘወር ስል መቅዘፊያው አየር ላይ ነበር። ፊቴን ላድን እጄን አነሳሁ፤ የአጥንቱን ድምፅ ከሕመሙ በፊት ሰማሁት።

እናቴ ወጌሻ ካላየው ብላ ሙጭጭ አለች፤ እኔም እሺ አልሁ። አጥንቱ ጠሞ ገጠመ። ዛሬም አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ አይገናኙም። ለሌላ ሰው ይህ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ኮሌጅ አስተምሬ ስወጣ የምሠራው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነበር፤ ይፋግ ላሉ የሩዝ ገበሬዎች፣ ውሃ ሲነጥፍ ፓምፑን ሳይቃጠል የሚያጠፋ ትንሽ ቦርድ። ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ ዕቃዎችን በወረንጦ እያነሳሁ አንድ በአንድ አስቀምጥ ነበር። ደመወዙ ያኖረኛል፤ ሰው የሚያደርገኝ ግን ያ ሥራ ነበር። ከተሰበርሁ በኋላ ወረንጦውን በግራ እጄ ይዤ አንዷን ፍሬ ቦታዋ ላስገባ ስታገል ቆየሁና አስነጠሰኝ፤ ያለው ሁሉ ተበተነ። ጠረጴዛውን ገለበጥሁት።

ያኔ ነው ራሱ ለቅሞ የሚያስቀምጥ ማሽን ያስመጣሁት። ተገጣጥሞ አይመጣም፤ ብረቱ፣ ሞተሩ፣ ሽቦው፣ ብሎኑ ለየብቻ በካርቶን ታጭቆ ነው የሚመጣው። ሲሠራ ቀጭን መርፌ አየር እየሳበ ዕቃዋን ያነሳና ቦርዱ ላይ ቦታዋን ያስይዛታል፤ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም ነው፣ ዶሮዋ የለቀመችውን ብትመልስ። እጄ ይሆነኛል ብዬ ነበር። ግን እጅ የሚሆነውን ለመግጠምም እጅ ያስፈልጋል። ብሎኑን በግራ ብይዝ ዳዶውን የሚይዝልኝ ጣት አልነበረኝም።

ሽማግሌዎች ለእርቅ የተቀመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ትልቁ ሽማግሌ፣ ሁለታችንንም በልጅነት ቁርአን ያስቀሩን ሼህ፣ «ምን ይካስህ?» አሉኝ።

«እጁን» አልሁ።

አክስቴ ጓዳ በር ላይ ሆና «ያ አላህ!» ስትል ሰማኋት።

«ይቆረጥ አላልሁም ሼኽዬ። እጄን ሰብሮታል፤ ማሽኔ እስኪሠራ ድረስ በየጁምዓው እየመጣ እጅ ይሁነኝ።»

የአክስቴ ልጅ ዓይኑን ከምንጣፉ ሳያነሳ «እመጣለሁ» አለ። ዳግም አንዳችን በሌላችን ላይ እጅ ላናነሳ ማልን፤ ፋቲሃ ተቀራ፤ ተቃቅፈን ተላቀስን። የእኔ ልቅሶ የውሸት ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ሰውዬውን የፈለግሁት በእጄ ሥር እንዲሆንልኝ ነው።

ከጁምዓ ሰላት በኋላ ይመጣል፤ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ «ምን ልያዝ?» ይላል። እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ አዛለሁ። «እርሱን አይደለም። ያኛውን። ዓይን የለህም?» እንደ ውሻ ነበር የማናግረው። የጀልባ ሚስማር የለመደ መዳፉ ለእነዚያ ትንንሽ ብሎኖች አይሆንም ብዬ ነበር፤ ሆነ። የፍሬሙን ማዕዘን በስኳድራ ለክቼ «ልክ ነው» ስለው፣ ከኪሱ ሲባጎ አወጣና ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ወጠረው፤ መድረሻውን ቋጠረ፤ በዚያው ሲባጎ ሌላውን ሰያፍ ለካ። ቋጠሮው ከጥጉ አልደረሰም።

«ጠሟል» አለ። «ጀልባም እንዲህ ነው የምንለካ።»

እውነቱን ነበር። የተጣመመው ስኳድራዬ ራሱ ነው። በመስኮት ወረወርሁት።

ገጥመን ስንጨርስ ባሰ። ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ መነሻ ጥጉን ይፈልጋል፤ ጥጉ ላይ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ሲነካ ይቆማል። የእኛው አልቆመም። ሄዶ ፍሬሙን ገጨ፤ እየጮኸ መግፋቱን ቀጠለ፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። «አበላሸኸው!» ብዬ ካቻቢቴውን ወረወርሁበት። ቅንድቡን ፈነከተው። ደሙ እስከ አገጩ ወረደ፤ እርሱ በእጁ ጀርባ ጠረገና ወደ ሽቦዎቹ ጎንበስ አለ። ማሽኑ ፊትና ኋላ፣ ቀኝና ግራ ይሄዳል፤ ሁለቱም የየራሳቸው ማብሪያ አላቸው። የሁለቱን ሽቦ አቀያይሮ የሰካው እኔ ነበርሁ፤ በዚያች ባልለመደች ግራ እጄ፣ እርሱ በሌለበት። አስተካክሎ ሰካው፤ ማሽኑ ጥጉን ነክቶ ቆመ። ይቅርታ አላልሁም። መሐላውን አፍርሼ ደም ማፍሰሴን ለሼሁ ሄዶ መናገር ይችል ነበር፤ አልተናገረም። ዝምታውን ከፍርሃት ቆጠርሁት፤ ጭራሽ ናቅሁት።

የቀረው መርፌው ነበር። ዕቃዋን ያነሳል፣ መንገድ ላይ ይጥላታል። የሆነ ቦታ አየር ያመልጣል። አንድ ቀን ከሰዓት ቀዳዳውን ስንፈልግ መብራት ሄደ።

«ይሻላል፤ ጸጥ ሲል ይሰማል» ብሎ ቱቦውን በአፉ እየነፋ ፉጨቱን በጆሮው ተከተለ። ቀዳዳው ከድልድዩ ኋላ ነበር። ድልድይ የምለው መርፌውን ተሸክሞ ፊትና ኋላ የሚሄደውን ብረት ነው፤ የሚገፋው ረጅም ጥርሳም ዘንግ ስለሆነ ቀስ ይላል፣ ያገኘውን ግን ይጨፈልቃል። ቀኝ እጁን በድልድዩና በፍሬሙ መሐል ከትቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይዳብስ ጀመር። የማሽኑን ሶኬት መንቀል ነበረብኝ፤ የነቀልሁ መስሎታል። ረስቼው ነው፤ እስከዚህ ድረስ ያለው እውነት ነው።

መብራት መጣ። ለመርፌው አየር የሚስበው ፓምፕ አጓራ፤ በእርሱ ጩኸት ውስጥ ሞተሩ አይሰማም። ማሽኑ እንደ ልማዱ መነሻውን ፍለጋ ድልድዩን ወደ እጁ መግፋት ጀመረ። ማብሪያዋ ከጣቶቹ ወዲያ ናት፤ እርስዋን ሳይነካ አይቆምም። ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ ከግራ መዳፌ ሥር ነበር፤ ቅዝቃዜው ይሰማኛል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ቆጠርሁ። ልጮህም እችል ነበር። ብረቱ ሲነካው ዘወር ብሎ አየኝ፤ መጀመሪያ ፊቴን፣ ከዚያ መዳፌን። ከዚያ ጮኸ። ሁለት ጣቶቹ ሲሰበሩ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ቁልፉን የተጫንሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ድልድዩን ለመመለስ ዘንጉን በእጅ ማዞር ያስፈልግ ነበር። በግራ እጄ ሳዞር ደሙ ያዳልጠኛል፤ እርሱ ግንባሩን ከጠረጴዛው ጋር ያጋጫል። ጥፍሩ ተነቅሎ አረንጓዴው ቦርድ ላይ ወድቆ ነበር። ደስታዬ ዘንጉ ሦስቴ ሳይዞር አለቀ። እጁ ሲወጣ በፎጣዬ ጠቀለልሁለት፤ ባጃጅ ጠርቼ ሐኪም ቤት ወሰድሁት።

በሳምንቱ መሐላው ፈርሶ እንደሆነ ሊያጣሩ ሼሁ አክስቴ ቤት መጡ፤ እኔንም አስጠሩኝ። እርሱ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል፤ አክስቴ ከጎኑ ናት።

«ሰው ነው ማሽን?» አሉት።

«ማሽን ነው ሼኽዬ። ማሽን ምን ዓይን አለው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ ልጄ?»

«ማሽኑ ነው» አልሁ።

አክስቴ ያን ሁሉ ቀን የያዘችውን እንባ ለቀቀችው። እየተሳበች መጥታ ጠማማ እጄን ሳመችው፤ በክፉ ጠርጥሬህ ነበር፣ አውፍ በለኝ እያለች። እጄን መንጠቅ አቃተኝ።

ቁስሉ ሲደርቅ እንደገና መጣ። አትምጣ ብዬው ነበር። «ማሽኑ እስኪሠራ ነው የተባለ» አለና በግራ እጁ ቱቦውን ቀየረው። ቀኝ እጅ የሌለን ሁለት ሰዎች አንድ ማሰሪያ ለማጥበቅ ከሰዓቱን ሙሉ ፈጀን። አልጮኽሁበትም። ከዚያ ማሽኑን አስነሳሁት። መርፌው አነሳ፣ አሻገረ፣ አስቀመጠ፤ አነሳ፣ አሻገረ፣ አስቀመጠ። አንዲትም ሳይጥል ቦርዱን ሞላው። ደስ ሊለኝ ሞከርሁ።

«ጨረስሁ?» አለኝ።

«ጨርሰሃል።»

ጫማውን አጠለቀና በሩ ላይ ቆመ።

«እኔ ስመታህ ዓይኔን ደም ጋርዶት ነበረ» አለ። «አንተ ግን እያየኸኝ ነበረ።»

ማሽኑ አሁንም ይሠራል፤ ወደ ይፋግ የሚሄደውን ቦርድ በሙሉ እርሱ ነው የሚለቅመው። እኔና የአክስቴ ልጅ በሠርግም በለቅሶም እንገናኛለን። «አሰላሙ አለይኩም» ይለኛል፤ እመልስለታለሁ። እጁን ግን አይሰጠኝም።