የጣት አንጓ ሒሳብ በናይሮቢ

ሐሙስ ጠዋት ከቦሌ ስነሣ የመመለሻ ትኬት የቆረጥኩት ለሁለት ሰው ነበር። የስምንት ዓመቷ የወንድሜ ልጅ ማህሌት ናይሮቢ ከገባች ጀምሮ ሒሳብ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አትልም። ወንድሜ «ይዘሻት ሂጂና አንቺው ጋ ትማር» ብሎኛል። አዲስ አበባ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ነኝና፣ ከእኔ ሌላ ማን አላት!

ኢምባካሲ፣ ማታ

ወንድሜ ኤርፖርት ካርጎ ስለሚሠራ ቤታቸው ኢምባካሲ፣ ለናይሮቢ ኤርፖርት ቅርብ ነው። ኡጋሊ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በጎመን በላን። ከእራት በኋላ ማባዛት ስጠይቃት ጣቶቿን ጠረጴዛ ሥር ስታንቀሳቅስ ያዝኳት።

«ጣት ተይ እንጂ የኔ ቆንጆ፣ ትልቅ ልጅ አይደለሽ?»

እጆቿን ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠች።

ዓርብ፣ ትምህርት ቤት

የመልቀቂያ ወረቀቷን ልጠይቅ አብረን ሄድን። ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ በሰው ሃምሳ ሽልንግ አስከፍሎ በሙዚቃ አደነቆረን። መንገድ ላይ የገዛሁላትን ቦምቦሊኖ የመሰለ ማንዳዚ ሳትጨርስ ደረስን። አስተማሪዋ ቲቸር ዋንጂሩ «መጀመሪያ ትምህርቱን ይዩልኝ» ብላ ከኋላ አስቀመጠችኝ።

እኔ ክፍል ቢሆን «ቲቸር እኔ! እኔ!» የሚለው ጩኸት ጣራ በነቀለ ነበር። እሷ ግን ሦስት ጊዜ ስምንት ብላ ጽፋ ዝም አለች። መልሱን ያገኘ ልጅ አውራ ጣቱን ደረቱ ላይ ያደርጋል፤ ያላገኘውን ማንም አያጣድፈውም። በመጨረሻ የማህሌት አውራ ጣት ደረቷ ላይ አረፈ።

«መልሱን ተይውና እንዴት እንዳገኘሽው አሳዪን» አለቻት።

ማህሌት ዞራ እኔን አየች። ሁለት እጄን አንስቼ ጣቶቼን ዘረጋሁላት።

እሷም ዘረጋች። ከአውራ ጣቶቿ በቀር ስምንት ጣት፣ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት አንጓ። «ሃያ አራት» አለች። «ዳዲ ሲጸልይ እግዚኦታ የሚቆጥረው እንዲህ ነው።»

ክፍሉ በሙሉ የጣቱን አንጓ መቁጠር ጀመረ። እኔም ቆጠርኩ፤ እንባዬ መጣ።

ስንመለስ ማታቱ ውስጥ «አክስቴ» አለችኝ፣ «በአራት ማባዛትስ በጣት ይሆናል ወይ ብላ ቲቸር ሆምወርክ ሰጠችኝ። ለሰኞ ነው። ሰኞ እኮ እኔ የለሁም።»

ማታ ለወንድሜ «አልወስዳትም» አልኩት።

«ሒሳቡስ?»

«ሒሳቡን ታውቀዋለች። እንዴት አገኘሽው ብሎ የሚጠይቃት ነው ያጣችው።»

እሑድ፣ መመለስ

ኤርፖርት ሸኙኝ። ማህሌት እጄን ይዛ ጆሮዬ ላይ «የጣቱም ጫፍ ሲቆጠር አራት ይሆናል!» አለችኝ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶውን አዲስ አበባ ገባ።

ሰኞ ክፍሌ ገብቼ ሦስት ጊዜ ሰባት ብዬ ጻፍኩና ዝም አልኩ። ዝም ማለት ይህን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ዴስኮቹ ሥር ትንንሽ እጆች ሲንቀሳቀሱ አየሁ።

«እስቲ እጃችሁን አውጡና አሳዩኝ» አልኳቸው።