መለኪያዋ የማታውቀው መርዝ

ሰማኸኝ ከጋይንት ደጋ ወደ መተማ ቆላ ሲወርድ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ያሰበው አንድ ክረምት አርሞ፣ ሰሊጥ አጭዶ ሊመለስ ነው። ቆላው ግን ያዘው። ዘጠኝ ክረምት የመድኃኒት መርጫ በጀርባው አዝሎ በየባለሀብቱ እርሻ ጸረ ተባይ ሲረጭ ኖረ። በኋላ ሳሉ አላስቆም አላስቀምጥ ሲለው መርጫውን ጣለና ከገንዳ ውሃ ከተማ ወጣ ብላ ባለች የወንዝ ዳር መንደር የውሃ ሞተር ጠባቂ ሆነ። ትዳር የያዘውም፣ ሦስት ልጆች ያፈራውም እዚያው ነው።

ጠዋት ሞተሩን ያስነሣል፤ ውሃው ከወንዙ ወደ ታንከሩ ይወጣል፤ ሲሞላ ያጠፋል። ሥራው ይኸው ነው።

ካቻምና መቅዲ የምትባል ወጣት ባለሙያ ከአንድ የውሃ ፕሮጀክት መጥታ ወንዙ ውስጥ ሴንሰር ተከለች። ክንድ የምታህል ቱቦ ናት፤ በፀሐይ ኃይል እየሠራች የውሃውን ሁኔታ በየሰዓቱ ወደ ስልክ ትልካለች። "አረንጓዴ ካሳየ ደህና ነው ጋሽ ሰማኸኝ፤ ቀይ ካሳየ ሞተሩን ያጥፉና ይደውሉልኝ" አለችው። ሰማኸኝ መሣሪያዋን ወደዳት። ሁለት ጊዜ ከላይ የመጣ ደራሽ ጎርፍ ውሃውን ሲያደፈርሰው፣ እሱ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነግራዋለች።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ማለዳ ወደ ወንዙ ሲወርድ ግን ጥቃቅን ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ዳር ዳሩን ተንሳፍፈው አገኘ። ስልኩን አየ፤ አረንጓዴ ነው። ጎንበስ ብሎ ውሃውን በመዳፉ ዘግኖ አሸተተ። ሽታውን ያውቀዋል። ዘጠኝ ክረምት ሙሉ ከሸሚዙ አልለቅ ያለው ሽታ ነው።

ሞተሩን ሳያስነሣ ቀረ።

ረፋድ ላይ ታንከሩ ነጠፈ። ጀሪካን የያዙ ሴቶች ቦኖው ዘንድ ተሰበሰቡ። ሻይ ቤት ያላት ጎረቤቱ አሰበች ቀድማ መጣችበት።

"ሞተሩ ተበላሸ እንዴ?"

"አልተበላሸም። ውሃው ነው።"

"መሣሪያህ ምን አለች?"

"ደህና ነው አለች።"

"ታዲያ አንተ ከመሣሪያ በለጥህ?"

"ሂጂና ዓሣውን እይው" አላት።

ሄዳ አየች። ስትመለስ ሴቶቹን ሰብስባ ራቅ ወዳለው የጉድጓድ ውሃ ይዛቸው ሄደች።

ሰማኸኝ ደውሎላት ኖሮ ከሰዓት በኋላ መቅዲ በባጃጅ ደረሰች። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየች፤ ሁሉም ልክ ነው። ከዚያ ወንዙ ዳር ወርዳ የሞቱትን ዓሦች አገላበጠች።

"ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሽ ሰማኸኝ" አለች በመጨረሻ። "ይቺ መሣሪያ ድፍርሱን፣ ጨውን፣ ውሃው ውስጥ ያለውን አየር ትለካለች። የሰሊጥ መድኃኒት አታውቅም። ይህን ከመጀመሪያው ልነግርዎ ይገባኝ ነበር።"

"አረንጓዴ ማለቷስ?"

"‹እኔ የማውቀው ነገር ደህና ነው› ማለቷ ነው።"

መቅዲ ውሃውን በጠርሙስ ቀድታ ለምርመራ ወደ ጎንደር ላከች። ሰማኸኝ ግን ውጤቱን አልጠበቀም። በማግስቱ ወንዙን ይዞ ወደ ላይ ወጣ። የት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር። ሁለት ሰዓት ተጉዞ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለበት መሻገሪያ ሲደርስ፣ ስድስት ረጪዎች መርጫቸውን ውሃው ውስጥ እየነከሩ ያጥባሉ። ነጭ አረፋ ወደ ታች ይወርዳል።

"እዚህ እጠቡ ያላችሁ ማን ነው?"

ሸጋው የሚባል የወሎ ሰው ቀና አለ። "ማንም አላለን አባቴ። ከድሮም ረጪ የሚያጥበው እዚህ ነው ተብለን ነው።"

ሰማኸኝ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። ቦታዋን ያገኛት እሱ ነበር። ድንጋዩ መርጫ ለማስቀመጥ ይመቻል ብሎ ጓደኞቹን ጠርቶ ያሳየው እሱ ነው። ያን ጊዜ ከታች ሰው ይጠጣል ብሎ ያሰበበት ቀን የለም። ሲመጣ ሊቆጣ ነበር፤ ቁጣው ጠፋበት።

"ቦታውን ያገኘሁት እኔ ነኝ" አላቸው። "አሁን የሚጠጡት ደግሞ ልጆቼ ናቸው።"

ሸጋው የቆሰለ መዳፉን ዘርግቶ አሳየው። "ካላጠብነው እኛን ያቃጥለናል። የት እንጠበው ታዲያ?"

ሰማኸኝ መልሱን ፍለጋ ከሸጋው ጋር ወደ እርሻው ወኪል ሄደ። ከወንዙ የራቀ ማጠቢያ ጉድጓድና አንድ በርሜል ውሃ እንዲዘጋጅላቸው ለመነ። ወኪሉ ሥራ በዝቶበት ነበርና በቅጡም አላዳመጣቸው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የጎንደሩ ውጤት መጣ፤ ውሃው ውስጥ መርዙ ተገኝቷል። መቅዲ ወረቀቱን ይዛ ወኪሉ ፊት ቆመች። ማጠቢያ ጉድጓዱ የተቆፈረው መስከረም ላይ ነው፤ የዚያ ዓመት ርጭት ካበቃ በኋላ።

ዘንድሮ የዚያ እርሻ ረጪዎች ጉድጓዱ ዘንድ ያጥባሉ። ሌሎች እርሻዎች ገና ናቸው፤ ሐምሌ ላይ ሰማኸኝ ሞተሩን እንደገና ሁለት ቀን አቁሟል። መቅዲ የሰጠችው ደብተር አለው፤ በየማለዳው ያየውንና ያሸተተውን ይጽፍበታል፤ እሷም ከሴንሰሯ ቁጥር ጎን ታሰፍረዋለች።

በቀደም ሸጋው ወደ ገበያ ሲያልፍ ቦኖው ዘንድ ቆመ። "ይጠጣል?" አለ ውሃውን እያየ። ሰማኸኝ ማለዳ የጻፈውን አስታወሰና "የዛሬው ይጠጣል" አለው። ሸጋው ጎንበስ ብሎ በእጁ እየቀዳ ጠጣ።